የተፋቁት ፊቶች

ያን ክረምት እኔ ሥዕል የተማርኩበት ክረምት እለዋለሁ። ቤተሰቡ ከድጃ የሞተችበት ክረምት ይለዋል። ከድጃ እናቴ ናት። ሁለቱ አንድ ክረምት መሆናቸውን ያኔ የማያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እኔ ደሴ ከታላቅ እህቷ ከረሂማ ጋር እኖራለሁ። ቤታችን ከፒያሳ ሽቅብ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጉሙ በበር ዘልቆ ምንጣፉ ላይ የሚተኛ ይመስለኝ ነበር። ረሂማን እታለም ነው የምላት። እናቴ ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። ስልኩ ሲጮኽ እታለም እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ታነሳና፣ «ቆይ እስቲ ሰላም ልበልሽ፣ ልጅሽ እኮ እጄን ልትነክሰኝ ነው» ብላ እየሳቀች ታቀብለኛለች። የእናቴ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር። ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ሁሌም አንድ ነገር ነው።

«ዛሬ ምን ሣልሽ?»

በከሰልም ሆነ በእስክሪብቶ፣ ግድግዳም ይሁን የደብተር ሽፋን፣ ያገኘሁት ላይ ሁሉ እሥል ነበርና እዘረዝርላታለሁ። «ስመጣ ሁሉንም ታሳዪኛለሽ፣ ኢንሻአሏህ» ትላለች።

አንድ ጁምዓ ስልኩ ሳይጮኽ ዋለ። ቀጣዩም ጁምዓ እንደዚያው። «ኔትወርክ ነው» አለች እታለም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። በማግስቱ አጎቴ ጀላል ከኮምቦልቻ መጣ።

ጀላል የእናቴና የእታለም ወንድም ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ክር ማቅለሚያው ክፍል ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ በዘይት ቀለም ይሥላል። ሚስት አላገባም። ጋሼ እለዋለሁ። ያን ቀን ከእታለም ጋር ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ መጋረጃው ሥር ተቀምጬ ሰማኋቸው።

«እስኪመጣ ድረስ እኔ ጋ ትሁን» አለ ጋሼ።

«ውሰዳት። እኔ ዓይኗን እያየሁ መደበቅ አልችልም» አለች እታለም። ድምፅዋ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር።

የሚመጣው ኔትወርኩ ነው ብዬ ነበር። የሚደበቀው ደግሞ እናቴ የላከችልኝ ነገር፣ ምናልባት ጫማ። ዛሬ የማውቀው እስኪመጣ የተባለው የእናቴ ሬሳ መሆኑን ነው። ከፎቅ ወድቃ ነው ብለው ለእታለም ደወሉላት፤ ስትወድቅ ማን እንዳያት ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ጋሼ ከጓዳ ወጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ። «ዊዳድ፣ በዘይት ቀለም መሣል ላስተምርሽ?»

በደስታ ዘለልኩ። በመጨረሻ አንድ ሰው ሠዓሊ መሆኔን አየልኝ አልኩ።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ ጉሙ ከኋላችን ቀረና የኮምቦልቻ ሙቀት በመስኮት ገባ። ጋሼ የሚኖረው እትዬ የኔነሽ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ በተከራየው ክፍል ነው። ቤቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ስለማይርቅ አውሮፕላን ሲያርፍ የቆርቆሮው ጣሪያ ይርበደበዳል። ክፍሉ የተልባ ዘይትና አኳራጅ ይሸታል። አኳራጅ ብሩሽ የሚታጠብበት፣ ቀለም የሚቀጠንበት ፈሳሽ ነው፤ አፍንጫን ሰንጥቆ የሚገባ ሽታ አለው። ያ ሽታ ዛሬም እጄ ላይ ነው።

አቡጀዲ ጨርቅ እንጨት ላይ ወጥሮ፣ ኮላና ጄሶ ቀብቶ ሸራ አበጀልኝ። ከዚያ ከአልጋው ሥር አንድ የድሮ የቀን መቁጠሪያ ገጽ አወጣ፤ ሩሲያ ተምሮ የመጣ መምህሩ የሰጠው ነው። ሥዕሉ ላይ ወንዝ ዳር የቆመ ብዙ ሕዝብ አለ። ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች፣ ትከሻ ላይ የተቀመጡ ሕፃናት። ሁሉም ወደ ውኃው ያያሉ፤ ከሩቅ አንድ ጀልባ ይታያል። መሬቱ ነጭ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ጥጥ ከየት መጣ? እነሱም ፋብሪካ አላቸው?»

ሳቀ። በዚያ ክረምት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «በረዶ ነው» አለኝ።

«ሰዎቹስ እየሸኙ ነው እየተቀበሉ?»

ሳቁ ጠፋ። «ሠዓሊው አልነገረንም» አለ።

«እየተቀበሉ ነው» አልኩ እኔ።

ሥዕሉንም ሸራውንም በእርሳስ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍሎ፣ አንዱን ቤት እያየሁ አንዱን ቤት እንድገለብጥ አደረገኝ። ከዚያ መላውን ሸራ በቀጭን ቡኒ ቀለም አለበስነው። «መጀመሪያ ጥላው ነው፤ ብርሃን መጨረሻ ይመጣል» ይለኛል። «ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪ። ሰው አትፈልጊ። የቱ ጋ ጨለመ? የቱ ጋ ነጣ? እሱን ብቻ አስቀምጪ።» ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ እውነትም ሰዎቹ ይጠፉና እንደ ተቆለለ ጨርቅ ይሆናሉ። በረዶውን ነጭ ስቀባ እጄን ያዘና ጥቂት ሰማያዊ፣ ጥቂት ቡኒ ቀላቅሎ ሰጠኝ። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ተቆጣሁ፤ ሸራው ላይ ሲያርፍ ግን በረዶ ሆነ።

ጀርባዎቹን በቶሎ ጨረስኩ። ፊቶቹ ነበሩ ችግሩ። አንድ ፊት ጠዋት ሙሉ ይፈጅብኛል። «ዓይን አትሣይ» ይላል ጋሼ፤ «ዓይን ያለበትን ጥላ ሣይ፤ ዓይኑ ራሱ ይመጣል።» ሲመጣም አያለሁ። አንዲት ሴት ከቡኒው ውስጥ ቀና ብላ ስታየኝ ብሩሼን አንስቼ ወደኋላ አልኩ።

ያኔ ነው ሰዎች መምጣት የጀመሩት። አብዛኞቹ ከፋብሪካው የመጡ ናቸው። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይገቡና ምንም ሳይናገሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። እኔንና ሸራውን ያያሉ። ሥዕሌን ሊያዩ መምጣታቸው ነው ብዬ ብሩሼን ጎላ አድርጌ አወዛውዛለሁ። ሲነሱ የጋሼን እጅ ይዘው፣ «አሏህ ሰብሩን ይስጥህ ጀላል» ይሉታል። እኔን ለማስተማር ትዕግሥት እንዲሰጠው የሚለምኑለት መስሎኝ አፈርኩ፤ ያን ቀን ምንም ላለማስቸገር ወሰንኩ። እኔን ደግሞ ራሴን ይዳብሱኝና «አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ» ይሉኛል። አይዞሽ፣ በርቺ ማለታቸው ነው። እኔም እበረታለሁ።

አንዲት ወፍራም ሴት ሸራው ፊት ቆማ እንባዋ በሁለት ጉንጯ ወረደ። ስትወጣ በኩራት ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ወደደችው አይደል?»

«ወዳዋለች» አለ።

እሱም ዓይኑ ቀልቶ ነበር የሚውለው። «አኳራጁ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል» ብሎኛል። ስለዚህ ገና ሲገባ ሮጬ መስኮቱን እከፍትለት ነበር።

ደሴ መቼ እንደምመለስ ስነዘንዘው፣ «ሥዕሉ ሲያልቅ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ትቼ መሥራት ያዝኩ። እናቴ ከደወለች ደሴ ነው የምትደውለው። ሥዕሉን ቶሎ ከጨረስኩ ለሚመጣው ጁምዓ እደርሳለሁ። ግን ቁርዓን ቤት ውዬ ስመለስ ትናንት የሣልኳቸው ፊቶች ተፍቀው አገኛለሁ። ቀለሙ በስፓቱላ ተገፍፎ፣ ከሥር ያለው ቡኒ ተራቁቶ፣ ሰዎቹ ፊት አልባ ሆነው ይጠብቁኛል።

«ጋሼ! ምን ነበራቸው?»

«ጥላቸው ልክ አልመጣም።»

«ትናንት ጥሩ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ!»

«ማን ያሯሩጥሻል፣ ዊዳድዬ? ቀስ በይ።»

አለቀስኩ። ሙያ የለኝም ማለት ነው አልኩ። እትዬ የኔነሽ ድምፄን ሰምተው መጡና በሩ ላይ ቆመው ሸራውንም እሱንም አዩ። «ጀላል፣ ይብቃህ» አሉት ቀስ ብለው። «እስከ መቼ ነው?»

«እስኪመጣ» አላቸው።

እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ወጡ። እኔ ለሙያዬ የተከራከሩልኝ መስሎኝ ወደድኳቸው። በማግስቱ ፊቶቹን እንደገና ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ተፋቁ። ዛሬ ተማሪዎቼ ፊት ስሥል እጄ ፈጣን ነው ይሉኛል። ያን ክረምት እነዚያኑ ፊቶች ስንት ጊዜ ሣልኳቸው።

አንድ ቀን ጋሼ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ወጣ። ሥራ ነው የምሄደው አለኝ። ለሥራ ጀለቢያ ለብሶ አይቼው አላውቅም፤ ግን አልጠየቅኩትም፣ የቀሩኝ ፊቶች ጥቂት ነበሩና ቸኩያለሁ። ከቀትር በኋላ ጣሪያው ተርበደበደ። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ወጥተን እናይ ነበርና ብሩሼን ጥዬ ሮጥኩ።

የማረፊያው በር ፊት እንደዚያ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ሚኒባሶች ተደርድረዋል። ሽማግሌዎች፣ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች፣ ትከሻ ላይ የተቀመጡ ሕፃናት። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አየኋቸው፤ ልክ ጋሼ እንዳለው አንድ ትልቅ ጥላ ሆኑ። ዓይኔን ስከፍት ከመካከላቸው እታለም ረሂማን አየሁ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ አየሁ። ደሴ በሙሉ እዚያ ቆማለች።

እታለም ወገቧን ታጥቃለች፤ ሻንጣ ልትሸከም ነው አልኩ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት ታለቅሳለች። የጎረቤታችን ልጅ ከቤሩት የመጣች ዕለትም እንደዚሁ ተለቅሶ ነበር፤ እናቷ ከደስታ ብዛት መሬት ላይ ተንከባላ ነበር። ስለዚህ ምንም ጥርጥር አልገባኝም። እናቴ መጣች። ሊደብቁኝ የፈለጉት እሷን ነው! ድንገት ሊያሳዩኝ ነው!

እታለምን ልጣራ አፌን ከፍቼ ሥዕሉ ትዝ አለኝ። ስመጣ ታሳዪኛለሽ ብላለች። ሳያልቅ እንዴት አሳያታለሁ? መኪናው ከበሩ እስኪወጣ እንኳን አልጠበቅኩም። ተመልሼ ሮጥኩ።

እንደዚያ ቀን ሥዬ አላውቅም። ምሳ የለ፣ ውኃ የለ። ጥላውን አስቀምጣለሁ፣ ብርሃኑን ጣል አደርጋለሁ፣ ፊቱ ይመጣል። ሽማግሌው መጣ፣ ሴቶቹ መጡ፣ ሕፃናቱ መጡ። ጋሼ ፀሐይ ሳትገባ ሲደርስ አንድም ፊት አልባ ሰው ሸራው ላይ አልቀረም።

«ጋሼ፣ አለቀ! እማም መጣች አይደል? እታለምን አይቻታለሁ፣ በደስታ ስታለቅስ!»

የበሩን መቃን ያዘ። ጀለቢያው ላይ አቧራ ነበር። ወደ ሸራው ተጠግቶ ብዙ ቆየ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስፓቱላ አነሳው። መልሶ አስቀመጠው።

«ቆንጆ ነው» አለ። «ነገ በጠዋት ደሴ እንሄዳለን።»

«ዛሬ ለምን አልሄድንም? ደክሟት ነው?»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ብሩሾቼን ማጠብ ጀመረ። ደጋግሜ ስጠይቀው ፊቱን ሳያዞር፣ «አርፋለች» አለኝ።

እኔ መንገድ የደከመው ሰው የሚያርፈውን ዕረፍት ነበር የማውቀው። በእግር ጣቴ መራመድ ጀመርኩ፤ ኮምቦልቻ ሆኜ ደሴ ያለችውን እናቴን እንዳልቀሰቅስ።

ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሥዕሉን ጭኔ ላይ አቆምኩት። የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ማንም እንዳይነካብኝ በክርኔ እከላከላለሁ። ሐረጎ ወገብ ላይ ጋሼ ሹፌሩን አስቆመውና ይዞኝ ወረደ። ጉም ነበር። እጆቼን ያዘ።

«ዊዳድዬ።»

«አቤት ጋሼ።»

መንገዱ ዳር በለስ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ዞሮ በለስ ገዛልኝ። እሾኹን አስጠርጎ፣ አስልጦ ሰጠኝና ተመልሰን ተሳፈርን። ያን በለስ በላሁት። ጣፋጭ ነበር።

ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ለእናቴ ነው አልኩ፤ ለእሷም ነበር። ሥዕሉን በሁለት እጄ ከፊት ለፊቴ ዘርግቼ ገባሁ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አንድ ትልቅ ሰው፣ የእናቴ አጎት ናቸው፣ ጋሼ ሊጨብጣቸው ሲጎነበስ እጃቸውን ሰበሰቡ። «አሁን ነው የሚመጣው?» አሉ ለአጠገባቸው ሰው። ግብዣ ላይ ስላረፈድን የተቆጡን መሰለኝ።

«እማ የት ተኝታ ነው?» አልኩ።

እታለም ከቤት ወጣች። ድምፅዋ ጠፍቷል፤ አፏ ብቻ ይከፈታል። መጥታ ስታቅፈኝ ሥዕሉ በመካከላችን ነበር። «ይበላሻል! እማ ሳታየው!» ብዬ ገፋኋት፤ እሷ ግን ይበልጥ ጨመቀችኝ። እርጥቡ ቀለም ደረቷ ላይ ሲታተም ይሰማኛል። በትከሻዋ አሻግሬ ጋሼን አየሁት። መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ነበር። ማንም በቃል አልነገረኝም። እሱን አይቼ ነው ያወቅሁት።

ዓመታት አለፉ። ዛሬ ደሴ ሥዕል አስተምራለሁ። ጋሼን ለረጅም ጊዜ ተቀይሜው ነበር። እንደ ሞኝ በደስታ እየሮጥኩ ወደ መርዶዬ እንድገባ የተወኝ እሱ ነው እል ነበር። ቤተሰቡም የራሱ ቂም ነበረው። ስሙ በተነሳ ቁጥር «እህቱን ያልቀበረ» ይሉታል፤ ለምን እንዳልቀበራት የሚያውቅ የለም፣ እሱም አይናገርም። ለሰርግም ለኢድም እየጠሩት ይቀራል።

ዓምና ጡረታ መውጣቱን ሰምቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሸምግሏል፤ ብሩሽ የሚይዘው እጁ ይንቀጠቀጣል። ሻይ አፍልቶ ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ በልጅነቴ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት።

«ፊቶቹን ለምን ነበር የምትፍቃቸው?»

ሻዩን ብዙ አማሰለ። «ሲያልቅ ትሄጃለሽ ብዬሻለሁ። ሬሳው ደግሞ አልመጣም። ሌላ ምን ላድርግ?» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሙሉውን ልንገርሽ? ለአንቺ ብቻ ብዬ አይደለም። ውጪ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ያጽናናኛል። እዚህ ስገባ አንቺ ‘እማ ለዚህ ሥዕል ምን ትላለች?’ ትዪኛለሽ። በዓለም ላይ ከድጃ ያልሞተችበት አንድ ክፍል ይሄ ብቻ ነበር። እንዲዘጋ አልፈለግሁም።»

«የቀብሯ ዕለትስ? ለምን ጥለሃት ቀረህ?»

«እትዬ የኔነሽ ማረፊያው ድረስ መጥተው ‘ልጅቷ እዚህ በር ላይ ነበረች’ አሉኝ። ወረቀቱ ብዙ ቆይቶ ሳጥኑ ሲወጣ ነው። ምን ያህል እንዳየሽ አላወቅሁም። እሷን የሚሸከም ሺህ ሰው ነበረ። አንቺ ጋ ማንም አልነበረም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ስገባ ግን ትስቂ ነበር።»

ተነስቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና የሚንቀጠቀጠውን እጁን ያዝኩት።

«ቀብሯ የት እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። «ያኔ ካልደረስኩ በኋላ መሄድ አፈርኩ።»

በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ደሴ ወጣን። ዳገቱን ክንዱን ይዤ ቀስ እያልን ወጥተን የመቃብሩን አጥር ተሻገርን። ሣሩ በዝናብ ረዝሟል። ድንጋዩን ቀድሜ ሄጄ በእጄ ጠረግሁለትና ወደኋላ አልኩ። ጋሼ ጫማውን አወለቀ። ተንበርክኮ ከግርጌዋ እርጥብ አፈር ዘገነ፤ ግማሹ በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ፤ የቀረውን ላይዋ ላይ አደረገው።

«ከድጃ» አላት፤ «ዘግይቼ መጣሁ።»